በሳሙና ያልቀላው ቢጫ

የበደለችኝ የባሌ ታናሽ እህት ናት። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ክረምቱ ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሰባት ሴቶች ፊት ቀጣፊ አለችኝ። ቃሉ ይኸው ነው፤ አልቀነስኩለትም፣ አልጨመርኩበትም። «ይቺ ሴትዮ ቀጣፊ ናት» አለች። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ «እትዬ» ስትለኝ የኖረች ሴት በአንድ ከሰዓት «ይቺ ሴትዮ» አለችኝ።

ሌላም አለባት። ሙሽራ ሆኜ ወደዚህ ግቢ የገባሁ ሰሞን ሻንጣዬን ከፍታ ልብሴን አንድ በአንድ ለጓደኞቿ ያሳየች እሷ ናት። ባሌ የሞተ ጊዜ፣ ሐዘንተኛው ገና ሳይበተን፣ የግድግዳውን ሰዓት «የአባቴ ነው» ብላ አውርዳ የወሰደች እሷ ናት። ሰዓቱ የአባቷ ነበር፤ በዚያስ ልክ ናት። ግድግዳው ላይ የቀረውን ክብ ምልክት እያየሁ የተኛሁት ግን እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ይዤ ነው የኖርኩት። የቅዳሜው ቃል ሲመጣ ያረፈው ባዶ ቦታ ላይ አይደለም።

የምንኖረው ኮልፌ ነው፤ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ፣ አማቼ ባወረሱን ግቢ ውስጥ። ሁለት ቤት፣ አንድ የውጭ በር፣ አንድ ቧንቧ። ከእሷ ደጃፍ እስከ እኔ ደጃፍ አሥራ አምስት እርምጃ ነው። እሷም ባል የላትም፣ እኔም የለኝም። ልጆቻችን ወጥተዋል። ሠላሳ ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ እጄ ሥራ ፈቶ መቀመጥ አቃተው። ያኔ ነው ከእጽዋት ቀለም እያወጡ ክር ወደሚነክሩ የሰፈር ሴቶች የተጠጋሁት። እሷ ቀድማኝ ነበረችበት። ዘጠኝ ሆንን። ግማሾቻችን ሙስሊሞች ነን፤ ኦርቶዶክስም አለች፣ ጴንጤም አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በአንዷ ግቢ እንሰበሰባለን።

ቀለሙ የሚወጣው ሰው ከሚጥለው ነገር ነው ማለት ይቻላል። ከቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ወርቃማ ቡኒ ይወጣል። ከባሕር ዛፍ ቅጠል የሸክላ መልክ ያለው ቀለም ይወጣል። ቀይ ስንፈልግ ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበትን የእንሶስላ ሥር እንፈጫለን። ልጣጩን አየር ጤና ካሉት ምግብ ቤቶች በጆንያ እናመጣለን። አንድ ቀን የታክሲው ሹፌር ጆንያዬን አይቶ «እማማ፣ ይሄን ሁሉ ሽንኩርት ከትፎ ያለቀሰው ማነው?» ሲለኝ፣ ተሳፋሪው በሙሉ እስከ ቀራንዮ ሳቀብኝ። አልከፋኝም። በዚያ ዕድሜዬ በአዲስ ሥራ መታወቄ ደስ ይለኝ ነበር።

የእኔ ድርሻ ቢጫ ነበር። ክሩን መጀመሪያ ሸብ በተባለው ነጭ ድንጋይ ውኃ አሳድረዋለሁ፤ ያለዚያ ቀለሙ አይዘውም። ከዚያ እርድ አፈላለሁ፤ ጠለቅ እንዲል የመቅመቆ ሥር እጨምርበታለሁ። ነክሬ ጥላ ላይ አሰጣለሁ እንጂ ፀሐይ አላሳየውም፤ እርድ ፀሐይ አይችልም። ይህን ለገዢም አልደብቅም። «በጥላ አስጡት፣ በሎሚ አለቅልቁት» እላለሁ። ሴቶቹ የእኔን ቢጫ ሲያዩ ይታወቃቸዋል። የባሌ እህት እንኳ፣ ሰው ማመስገን እንደ ጥርስ መነቀል የሚያማት ሴት፣ አንድ ጊዜ «ቢጫውስ የእሷ ነው» ስትል ከጀርባ ሰምቻለሁ።

የእርድ ቢጫ አንድ ጠባይ አለው። ይህን ለማወቅ ክር ነካሪ መሆን አያስፈልግም። ነጭ ነጠላዋ ላይ አልጫ ወጥ ፈስሶባት የምታውቅ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፦ ቢጫው ጠብታ የልብስ ሳሙና ሲነካው ይቀላል፤ ደም የፈሰሰበት ይመስላል። ሎሚ ጠብ ሲልበት ይመለሳል። እጅም እንዲሁ ነው። ስነክር ውዬ እጄን በሳሙና ስታጠብ መዳፌ ይቀላ ነበር። የነገሩ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከዚህች ነው።

በዚያ ክረምት ቤቴል የሕፃናት ልብስ ሱቅ ልትከፍት ያሰበች ወጣት ሴት ትፈልገኛለች ተባልኩ። ራሷም በቅርብ የወለደች ነበረች፤ ልጇን በደረቷ አቅፋ ነው ቤቴ የመጣችው። ሃያ ትንንሽ የሕፃን ጋቢ፣ ቢጫ፣ አዘዘችኝ።

«እማማ፣ ልጅ ጨርቁን ይጠባዋል» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ አፉ ውስጥ ነው የሚውለው። የፋብሪካ ቀለም እንዳይኖረው ነው የምፈራው። ናቹራል ነው አይደል?»

«ከእርድና ከመቅመቆ ሌላ አይነካውም» አልኳት።

«እርስዎ ካሉኝ በቃኝ።»

ልጁ ያን ጊዜም የራሷን ነጠላ ጫፍ ይጠባ ነበር። አየሁት።

የመጀመሪያው ዙር ክር እንዳማረ ወጣ። ሸማኔው አሥራ ሁለት ጋቢ ሠራበት። ለቀሩት ስምንት ሁለተኛ ዙር መንከር ነበረብኝ። ክር የምዘፈዝፍበትን ትልቁን የፕላስቲክ ባኞ ግን የባሌ እህት ለልጅ ልጇ ምርቃት ሥጋ ልታጥብበት ወስዳ አልመለሰችም። ሄጄ «ባኞዬን» ማለት እችል ነበር። አሥራ አምስት እርምጃ ነው። «የሰው ዕቃ የወሰደ ሰው ራሱ ይመልስ» ብዬ ጓሮ የወደቀውን አሮጌ በርሜል አጥቤ ተጠቀምኩ። ውስጡ ዝጎ ነበር። ዝገት መቅመቆን ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ለሌሎቹ ሴቶች ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ግን ተናድጄ ነበር። በማግስቱ ክሩን ሳወጣው ጭቃ የመሰለ አረንጓዴ ሆኗል። ያን ለማንም ልጅ አያለብሱትም።

ሸማኔው ይጠብቃል፣ ሱቁ በሚቀጥለው ሐሙስ ይከፈታል፣ ዝናቡ ደግሞ አላቆም ብሏል። እንደገና ፈትል ገዝቼ፣ ሸብ አሳድሬ፣ በዚያ እርጥበት አድርቄ፣ በትክክሉ ልድረስ ብል ሳምንት አይበቃኝም። ለልጅቷ ደውዬ «አሥራ ሁለቱን ውሰጂ፤ ስምንቱ ይቆዩሽ» ማለት ነበረብኝ። ስልኩን አንስቼ ነበር። ታዲያ በማግስቱ በሴቶቹ መካከል «ቢጫዋ ተበላሸባት» ሲባል፣ የባሌ እህት ደግሞ አንገቷን ሰብራ «ውይ፣ እትዬን» ስትል ታየኝ። ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት።

መርካቶ ሄድኩ። ስፌት የሚሰፉ ሴቶች ሣሩን የሚያቀልሙበት የአለላ ቀለም አለ፤ ዱቄት ነው፣ ከውጭ የሚመጣ። ሻጩ በማንኪያ እያፈሰ «ለስፌት ነው እናቴ?» አለኝ።

«አዎ፣ ለስፌት።»

«ጓንት ያድርጉ እሺ። ይሄ ነገር እጅ ላይ ከያዘ አይለቅም።»

ጓንት አልገዛሁም። ስነክር ጓንት አድርጌ አላውቅም፤ ዛሬ ባደርግ ግቢው ውስጥ ያየኝ ሁሉ «ምን ነካት?» ይላል ብዬ ነው። ለመደበቅ ብዬ ያደረግኩት ነገር ነው ያጋለጠኝ። ክሩን በባዶ እጄ ነከርኩ። ቀለሙን ሲይዝ ደቂቃም አልፈጀበት፤ የእኔ ቢጫ ቀን ከሌት የሚለመንበትን ነገር ዱቄቱ እየሳቀ ሠራው። ቀለም መልቀቁን እንዲያቆም ደጋግሜ አጠብኩት። ሙሉ በሙሉ አላቆመም። ሸማኔው ስምንቱን ሠራ። ሃያውን አንድ ላይ ደርድሬ ስመለከታቸው እኔ ብቻ ነበርኩ የምለያቸው። ሐሙስ ጠዋት ቤቴል ወስጄ አስረከብኩ። ልጅቷ አቀፈችኝ።

ያን ዕለት የባሌ እህት ለአባቷ ሰደቃ ነበራት። የአማቼ ሰደቃ ስለሆነ ቀርቼ አላውቅም፤ ሄድኩ። እንግዳውን እየዞረች የምታስታጥበው ራሷ ነበረች፤ በአንድ እጇ ጆግ፣ በሌላው ሳህን። እኔ ጋ ስትደርስ እጄን ዘረጋሁ። እስከ አንጓዬ ቢጫ ነበር። ሳሙናውን አንስቼ አሸሁት። ውኃ ማፍሰሷን አቆመች።

«እትዬ፣ ድገሚው እስቲ» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«ምንም። ድገሚው።»

ደገምኩት። አረፋው ነጭ፣ እጄ ቢጫ። ያኔ ገባኝ። ገብቶኝም «በይ አፍስሺ፣ ሰው ይጠብቃል» አልኳት። አፈሰሰችልኝ፣ አለፈች።

ቅዳሜ ሴቶቹ ተሰብስበን ልጣጭ ስንመርጥ ነው የተነሳችው።

«ሐሙስ እጇን ያስታጠብኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሳሙናውን ሁለት ጊዜ አሸችው። እጇ እንደ ሎሚ ቢጫ ሆኖ ቀረ። እርድ ቢሆን አይቀላም ነበር? ንገሩኝ እስቲ፣ አይቀላም?»

በቤተ ክርስቲያኗ የምትዘምረው፣ ከሁላችን ቀልደኛዋ፣ ነገሩን ልታበርደው ሞከረች። «እንዴ፣ የእንግዳ እጅ እየመረመርሽ ነው እንዴ የምታስታጥቢው? ሰደቃ ነው ላብራቶሪ?»

«አትቀልጂ! ይቺ ሴትዮ ቀጣፊ ናት። ለሕፃን ልጅ የአለላ ቀለም ነው የነከረችው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እጄ ያን ጊዜም ቢጫነቱ አልለቀቀም ነበር፤ የሽንኩርት ልጣጩ ውስጥ ከተትኩት።

«ዱቄቱን አይተሻል?» አልኳት።

«አላየሁም።»

«ስገዛ አይተሻል?»

«አላየሁም አልኩሽ እኮ። እጅሽን ነው ያየሁት።»

«እንግዲያው እጄን ክሰሺው፤ እኔን ተይኝ።»

ሳቁ። ሳቁ ለእኔ ነበር። ልብ በሉ፣ «አላደረግኩም» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ያን ጊዜ ይህን እንደ ብልሃት ቆጥሬው ኮርቼበታለሁ። ውሸት ሳልናገር መዋሸት ችዬ ነበር።

እዚያው ላይ ብተወው ነገሩ በሐሜት ያልቅ ነበር። አልተውኩትም። «ስሜ ጠፍቷል» ብዬ ሽማግሌ ያስጠራሁት እኔ ነኝ። ማንም አልገፋኝም። ሦስት ሽማግሌዎች በሳምንቱ ግቢያችን መጡ፤ አንዱ የሰፈራችን ሼኽ፣ አንዱ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ፣ ሦስተኛው የዕድራችን ሊቀመንበር። ሴቶቹም ተጠሩ። አግዳሚ ወንበር ከዕድሩ መጣ። እሷ ክሷን ተናገረች፤ ያየችውን ብቻ፣ ሳትጨምር። አሁን ሳስበው ከሁላችን በሥርዓት የተናገረችው እሷ ናት።

«እጅ ምስክር አይሆንም» አሉ ልብስ ሰፊው። «እጅ የነካው ብዙ ነው። ጨርቁን እንይ። ጨርቁ አለ?»

«ጋቢዎቹ ተሽጠዋል» አለች ዘማሪዋ።

«ቁራጭ የለም? ሸማኔ ሲቆርጥ የሚተርፍ?»

ነበረኝ። በቦርሳዬ ይዤ ነበር የመጣሁት። ከሸማኔው ቤት ሁለት ዓይነት ቁራጭ ቀርቶ ነበር፤ የአሥራ ሁለቱ እና የስምንቱ። የስምንቱን የዚያን ዕለት ጠዋት ከሰል ላይ አቃጥዬዋለሁ። የአሥራ ሁለቱን በፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሽማግሌዎቹ ጨርቅ እንደሚጠይቁ አውቅ ነበር፤ ጨርቅ ሰፍቶ ያረጀ ሰው ሌላ ምን ይጠይቃል? ይህን ስጽፍ የሚያመኝ ይሄኛው ነው። ዱቄቱን በችኮላ ነው የገዛሁት፣ በንዴትና በድንጋጤ። ቁራጩን ግን የመረጥኩት ተረጋግቼ ነው፣ ቁርሴን በልቼ።

ሼኹ መጀመሪያ «ወላሂ ብለሽ ማዪልን፤ ይበቃናል» አሉኝ።

«ጨርቁ እያለ ለምን የአላህን ስም እጠራለሁ?» አልኳቸው።

ሼኹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መልሱ ደስ አላቸው። «ይሄ ነው ፈሪሃ አላህ» አሉ ለሰዎቹ። ያን ምስጋና ተቀብዬ ተቀመጥኩ።

ሳሙናና ውኃ መጣ። ልብስ ሰፊው ቁራጩን አርጥበው ሳሙናውን አሹበት። ሁሉም ሰው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ተንጠራራ። ቁራጩ በእጃቸው ላይ ቀላ፤ ልክ እንደ እርድ። ሎሚ ጨመቁበት፤ ተመለሰ። «አላሁ አክበር» አለ አንዱ። ዘማሪዋ «ሃሌ ሉያ» አለች። ለአንድ ቁራጭ ጨርቅ ሁለቱም ተባለ። የባሌ እህት አፏን ከፍታ ነበር። ቁራጩን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፣ አሸተተችው፣ እኔን አየችኝ፣ እንደገና ቁራጩን አየች። ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም። ግራ ገብቷት ነበር።

ሽማግሌዎቹ «አውፍ አስብዪ፣ ይቅርታ ጠይቂያት» አሏት። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጊዜ በዳይ ዝቅ ሲል ተበዳይ ቶሎ ብሎ ያነሳዋል፤ ጉልበቱ መሬት ሳይነካ ብብቱን ይይዘዋል። ክብሩም እሱ ነው። እሷ ስድሳ አልፏት ነበር፣ ጉልበቷንም ያማታል፤ በእርጥብ ድንጋይ ላይ ወረደች። «እትዬ፣ አውፍ በይኝ» አለች።

ቶሎ አላነሳኋትም። ሻንጣዬን አሰብኩ፣ የግድግዳውን ሰዓት አሰብኩ። ሁለቱም ጉልበቶቿ መሬት ነኩ። ሼኹ «እንግዲህ» እስኪሉ ድረስ ጠበቅሁ። ከዚያ ነው ብብቷን ይዤ «አውፍ ብያለሁ» ያልኩት።

ከዚያ ወዲያ ከሴቶቹ ጋር መምጣት አቆመች። ሲያገኟት ግን አልለቀቋትም። የሰው ልብስ ላይ ወጥ ጠብ ባለ ቁጥር አንዷ «ሳሙና ይምጣ! ምርመራ አለ!» ትላለች፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሠርግ ላይ ተባለ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ተባለ። እኔም ስቄያለሁ። ብዙ ጊዜ አይደለም፤ ግን ስቄያለሁ። እሷ ለቅሶ ቤት ጥግ ይዛ መቀመጥ፣ ከቧንቧው ደግሞ እኔ ስገባ ጠብቃ መቅዳት ለመደች። ሁለት ዓመት በአንድ በር እየገባን እየወጣን፣ «አሰላሙ አለይኩም»ን ከንፈራችን እንጂ ድምፃችን አይለውም ነበር። የስምንቱ ጋቢ ነገርም አልተወኝም። ሕፃን ታመመ ሲባል ልቤ ይደነግጣል። ምንም የሰማሁት ነገር የለም። ባለመስማቴ ግን አላረፍኩም፤ የሕፃናቱን ስም እንኳ ስለማላውቅ ማን ይነግረኛል?

ባለፈው መስከረም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬን አንኳኳች። ገብታ አታውቅም ነበር ከዚያ ወዲህ። ነጠላዋን አጣፍታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ቤቴል ዓይን ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር» አለችኝ።

«ምነው? ደህና?»

«ሞራ ነው አሉኝ። ሁለቱም ላይ። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ዓመታት ይፈጃል አሉኝ። ሰውዬውን ጠየቅኩት፤ ዶክተር፣ ይሄ ነገር ቀለም ያዛባል እንዴ? አልኩት። ያዛባል እንጂ፣ አለኝ።»

ወደ እኔ ዞረች።

«እና እትዬ፣ ያኔም ዓይኔ ነበር ማለት ነው። እጅሽ ቀልቶ እኔ ሳላየው ቀርቼ። ያኔ ሽማግሌዎቹ አስገድደውኝ ነው እንጂ ከልቤ አልነበረም አውፍ በይኝ ያልኩሽ፤ ውሸት አልናገርም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስረግምሽ ነው የከረምኩት። አሁን ግን ከልቤ ነው። በሐሰት ስምሽን አጥፍቻለሁ። አውፍ በይኝ።»

ልትንበረከክ ስትነሳ ያዝኳት፤ ይህን ጊዜ እንኳ ቶሎ ያዝኩ። ምን እንዳልኩ ልጻፈው፦ «አውፍ ብያለሁ። ያለፈ አለፈ። ዓይንሽን ታከሚ» አልኳት። አለቀሰች። ሳመችኝ። ስትወጣ ደረጃውን በእግሯ እየዳበሰች ወረደች።

በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የተሰማኝን ብናገር ይሻላል፤ እፎይ ነው ያልኩት። ከዓለም ላይ እውነቱን የምታውቅ አንዲት ሰው ነበረች፤ እሷም አሁን አላወቅኩም አለች። ዳንኩ ማለት ነው። ከዚያ ያልኩት ነገር ራሴን አስደነገጠኝ። ስሟን ወሰድኩባት፣ ከሴቶቹ ለየኋት፣ ሰው ፊት አንበረከክኳት፤ እሱ ሁሉ አልበቃኝ ብሎ አሁን በገዛ ዓይኗ ያየችውን ወሰድኩባት። ሻንጣ መክፈትና ሰዓት ማውረድ ከዚህ ጋር ምን ሊመዘን ነው? ሠላሳ ስድስት ዓመት የያዝኩት ቂም ሁሉ አንድ ላይ ቢደመር የዚህን ከሰዓት አያህልም። እሷን አሁንም አልወዳትም። ይሄ ከመውደድ ጋር የሚገናኝ አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ቧንቧው ጋ ጠበቅኋት። ጀሪካኗን ስታስቀምጥ ነገርኳት። ዱቄቱን፣ ከሰል ላይ ያቃጠልኩትን ቁራጭ፣ በቦርሳዬ ያመጣሁትን ቁራጭ። አላቋረጠችኝም። ውኃው ሞልቶ ፈሰሰ።

«ስለዚህ አይቻለሁ» አለች።

«አይተሻል።»

«ዓይኔ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«ትናንት ስነግርሽስ?»

ቧንቧውን ዘጋችው።

«ለእኔ ለምን ትነግሪኛለሽ?» አለች። «እኔማ አይቼው ነበር። ላላዩት ንገሪ።»

«አውፍ በይኝ» አልኳት። ጀሪካኗን አንስታ ገባች።

ሼኹ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። የዕድሩ ሊቀመንበር ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። ልብስ ሰፊው ሞተዋል። ቅዳሜ ለሴቶቹ ነገርኳቸው፤ ማንም አልሳቀም። ሰኞ ቤቴል ሄጄ ለሱቁ ባለቤት ነገርኳት፤ «ይውጡልኝ» አለችኝ፣ ወጣሁ። የባሌ እህት ወደ ሴቶቹ ተመልሳለች። አውፍ አላለችኝም። እኔ ከዚያ ወዲህ ክር አልነከርኩም።